እንቅልፍ እየጣለው የሚነዳ ሹፌር በየትኛው ሥራ ላይ ይበዛል?

ደህና_ግቡ፦

ሰላም ለዚህ ቤት። በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ ለሚሠሩ ያገራችን ሹፌሮች የግማሽ ቀን የደኅንነት ትምህርት እየተሰናዳ ነው፤ የእንቅልፉ ክፍል የኔ ድርሻ ሆኗል። አዳራሹ ውስጥ አራት ዓይነት ሰው ይቀመጣል፦ ባለ 18 ጎማ የሚነዱ፤ ኡበርና ሊፍት የሚሠሩ፣ ብዙዎቹም ሌላ ሥራ የደረቡ፤ ሆስፒታል፣ ፓርኪንግ ወይም ሆቴል አድረው ጠዋት ወደ ቤት የሚነዱ፤ መንጃ ፈቃድ ገና ያወጡ ልጆች።

«እንቅልፍ ከመጣብህ አትንዳ» ለማለት ስብሰባ አያስፈልግም። የምፈልገው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ከነዚህ ችግሩ የሚብሰው በማን ላይ ነው? የማገኛቸው ቁጥሮች አይስማሙም፤ አንዱ ከመቶ አንድ ይላል፣ ሌላው ከመቶ አሥራ ምናምን። ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ ቡድን ነገውኑ ሊያደርገው የሚችል ምን ይነገረው? በተለይ ለባለኡበሮቹ የሚሆን ነገር እምብዛም አላገኘሁም።

ሰዓት ስትጽፉ በአበሻ አቆጣጠር አድርጉልኝ፤ የሚታደለው ወረቀት በአማርኛ ነው።


ቆጣሪ፦

ቁጥሮቹ የማይስማሙት የሚቆጠረው ነገር ስለሚለያይ ነው። ሦስት ዓይነት ቆጠራ አለ።

አንዱ የፖሊስ ሪፖርት ነው። የአሜሪካ የትራፊክ ደኅንነት መሥሪያ ቤት (ኒትሳ) እ.ኤ.አ. ለ2017 ባወጣው ግምት እንቅልፍ ያለበት አደጋ 91,000 ያህል ነው፤ የሞተው ሰው ደግሞ 800 ገደማ። ከጠቅላላው ሲሰላ ከመቶ አንድ ወይም ሁለት። አንተ «ከመቶ አንድ» ያልከው ከዚህ የመጣ ነው። ትንሽ የሆነበት ምክንያት ግልጽ ነው፦ የጠጣ ሰው ትንፋሹ ያጋልጠዋል፣ ለእንቅልፍ ግን የሚነፋ መሣሪያ የለም። ሹፌሩ በግጭቱ ድንጋጤ ይነቃል፤ ፖሊስ ሲደርስ ዓይኑ ፈጦ ነው የሚያገኘው። «ተኝቼ ነበር» ብሎ ራሱ ካልተናገረ ወረቀቱ ላይ የሚሰፍረው «ከመስመር ወጣ» ብቻ ነው።

ሁለተኛው ካሜራ ነው። የትሪፕል ኤ (የአሜሪካ የመኪና ነጂዎች ማኅበር) የትራፊክ ደኅንነት ፋውንዴሽን እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው ጥናት መኪናቸው ውስጥ ካሜራ የተገጠመላቸውን ተራ ሹፌሮች ነው ያየው። ከግጭቱ በፊት በነበሩት ደቂቃዎች የዓይን ቆብ ምን ያህል ጊዜ እንደተከደነ ተለካ፤ 9.5 በመቶ በሚሆነው አደጋ ሹፌሩ እንቅልፍ ላይ ነበር። ያው ፋውንዴሽን ሰው የሞተባቸውን አደጋዎች ለይቶ ከ2017 እስከ 2021 ሲያሰላ 17.6 በመቶ ደረሰ። ያንተ «አሥራ ምናምን» ይኼ መሆን አለበት። ገዳይ አደጋ ላይ ድርሻው የሚያድገው የተኛ ሰው ፍሬን ስለማይረግጥ ነው፤ መኪናው በያዘው ፍጥነት ይገባል።

ሦስተኛው ሰውን መጠየቅ ነው። የአሜሪካ የበሽታ መከላከያ ማዕከል (ሲዲሲ) ሲጠይቅ ከ25 አዋቂ ሹፌር አንዱ ባለፉት 30 ቀናት መሪ ላይ እንቅልፍ ወስዶት እንደነበር አምኗል። ወንዶች 5.3 በመቶ፣ ሴቶች 3.2። የሚያንኮራፉና በቀን 6 ሰዓት ወይም ከዚያ በታች የሚተኙ ከሌላው ይበልጣሉ። እዚህ ላይ ልብ በል፦ ይሄ የሚቆጥረው ያወቁትን ብቻ ነው። ሁለት ሴኮንድ ሸለብ ያደረገው ሰው ብዙ ጊዜ ተኝቶ እንደነበር አያውቅም።

ስለዚህ ለአዳራሹ አንድ ቁጥር ብቻ አትስጥ። እኔ ብሆን የምሰጠው የትሪፕል ኤን የ2016 ሠንጠረዥ ነው፤ ሥራ አይለይም፣ የሚለየው ባለፉት 24 ሰዓታት ስንት ሰዓት እንደተኛህ ነው። 7 ሰዓትና ከዚያ በላይ ከተኛ ሰው ጋር ሲነጻጸር ከ6 እስከ 7 የተኛ 1.3 እጥፍ፣ ከ5 እስከ 6 የተኛ 1.9 እጥፍ፣ ከ4 እስከ 5 የተኛ 4.3 እጥፍ፣ ከ4 በታች የተኛ 11.5 እጥፍ አደጋ ያደርሳል። ከ5 ሰዓት በታች ሲሆን እንዴት እንደሚዘል እይ። ደረጃ አይደለም፣ ገደል ነው።

ስለ ልጆቹ ደግሞ በአጭሩ፦ በኖርዝ ካሮላይና በ1990ዎቹ መጀመሪያ የተመዘገቡ ከአራት ሺህ በላይ «ሹፌሩ ተኝቶ» የተባሉ፣ መጠጥ የሌለባቸው አደጋዎች ተጠንተው ከሹፌሮቹ 55 በመቶው 25 ዓመትና ከዚያ በታች ሆነው ተገኙ። አብዝቶ የታየበት ዕድሜ 20 ነው። ሰዓቱም በዕድሜ ይለያያል፤ ወጣቶቹ ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋት፣ ሽማግሌዎቹ ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ። ልጆቹን ሌሊት፣ አባቶችን ከምሳ በኋላ ብለህ ለይተህ ንገራቸው።


ባለሎግቡክ፦

ቆጣሪ በደንብ አስቀምጦታል። እኔ በትራኩ በኩል ልጨምር፤ ምክንያቱም «ባለትራክ ነው የሚተኛው» የሚለው አባባል ግማሽ እውነት ነው።

የፌዴራሉ የጭነት መኪና ደኅንነት መሥሪያ ቤት የትልልቅ መኪና አደጋን መንስኤ ሲያጠና በአደጋው ሰዓት ደክሞት ነበር የተባለው ባለትራክ 13 በመቶ ነው። ከተራው ሹፌር የካሜራ ቁጥር ብዙም አይርቅም። ልዩነቱ ጭነቱ ነው፤ እስከ 80,000 ፓውንድ የሚደርስ ነገር ይዞ ነው የሚተኛው። ሌላም አለ፤ ተሳቢው 102 ኢንች ስፋት አለው፣ የመንገዱ መስመር 12 ጫማ ነው። በግራም በቀኝም በየጎኑ የሚተርፈው 21 ኢንች ብቻ ነው፤ አንድ ክንድ ያህል። በ65 ማይል ፍጥነት መኪናው አንዲት ዲግሪ ካዘነበለ በአንድ ሴኮንድ ግማሽ ሜትር ወደ ጎን ይሄዳል፤ ማለትም መስመሩን ነካ። ታክሲ ነጂ ሸለብ ብሎ ሊነቃ ይችላል። ትራክ ላይ ያቺ ሴኮንድ የለችም።

ሕጉን ሁሉም ያውቀዋል፦ ከ10 ሰዓት ዕረፍት በኋላ በ14 ሰዓት ውስጥ 11 ሰዓት መንዳት፣ 8 ሰዓት ከነዱ በኋላ 30 ደቂቃ መቆም፣ በ8 ቀን 70 ሰዓት። ከዲሴምበር 2017 ወዲህ በኤሌክትሮኒክ መዝገብ ነው የሚያዘው። ታዲያ መዝገቡ ንጹሕ ሆኖ ሹፌሩ ለምን ይተኛል? በሥልጠናው ላይ ሦስት ነገር አንሣ።

አንደኛ፣ 11 ነድቶ 10 የሚያርፍ ሰው ቀኑ 21 ሰዓት ይሆናል። ዛሬ ከጠዋቱ 12 የጀመረ ነገ ከሌሊቱ 9፣ ከነገ ወዲያ ከሌሊቱ 6 ይጀምራል ማለት ነው። ሕጉ ይፈቅዳል፣ ሰውነት ግን አይከተለውም። ሥራ የሚይዝላችሁን ዲስፓቸር መነሻ ሰዓቱ ከቀን ወደ ቀን ወደኋላ እንዳይሸሽ ጠይቁት። መሸሹ ካልቀረ ወደፊት ይሽሽ፤ አርፍዶ መጀመር ቀድሞ ከመጀመር ይቀላል።

ሁለተኛ፣ 10ሩ ሰዓት የእንቅልፍ አይደለም። ፓርኪንግ ፍለጋ አለ፣ ሻወር አለ፣ ምግብ አለ፣ አገር ቤት መደወል አለ (እዚህ ሲመሽ አዲስ አበባ ሊነጋ ነው፣ ሁሉም ያኔ ነው የሚነሣው)። ከ10ሩ 6 ከተረፈ ዕድለኛ ነው። እዚያው መዝገብ ላይ 7 እና 3 አድርጎ መክፈል ይፈቀዳል፤ 7ቱን አልጋ ላይ፣ 3ቱን ሌላ ጊዜ። 3ቱን ከቀኑ 8 እስከ 11 ማድረግ የከሰዓቱን ድብርት ያሳልፋል፤ ብዙ ሰው ይህን አይጠቀምበትም።

ሦስተኛ፣ መዝገቡ ከቤት እስከ ሥራ ያለውን አይቆጥርም። በጁን 2014 ኒው ጀርሲ ተርንፓይክ ላይ ኮሜዲያኑ ትሬሲ ሞርጋን የነበረበትን ቫን ከኋላ የመታው ትራክ ሹፌር በሕግ የተፈቀደለት ሰዓት አላለቀም ነበር። ነገር ግን ከጆርጂያ ደላዌር ድረስ ሌሊቱን በራሱ መኪና ነድቶ ነው ሥራ የገባው። መርማሪዎቹ 28 ሰዓት ያህል እንዳልተኛ አረጋገጡ። የመንገድ ሥራ ስላለ 45 ማይል በተጻፈበት ቦታ 65 ላይ ነበር። ኮሜዲያን ጄምስ ማክኔር ሞተ። ቤቱ ከመነሻው ሩቅ ለሆነ ሰው ይህን ጉዳይ በስም ጥቀስለት። ኒው ጀርሲ ውስጥ «የማጊ ሕግ» የሚባል ከ2003 ጀምሮ አለ፤ 24 ሰዓት ሳይተኛ ነድቶ ሰው የገደለ ሹፌር በግድየለሽነት ይጠየቃል።


ሁለት_አፕ፦

ጠያቂ፣ ባለኡበሮቹን በተመለከተ ነገሩ እንዲህ ነው። ኡበር 12 ሰዓት ከነዳህ በኋላ አፑን ለ6 ሰዓት ይዘጋብሃል፤ ሊፍትም 12 ሰዓትና 6 ሰዓት ነው። ቀዳዳው ሦስት ነው። ኡበር የሚቆጥረው መንዳትን ስለሆነ ቆመህ ጥሪ የምትጠብቅበት ረጅም ሰዓት አይገባም። አንዱ አፕ ሌላውን አያይም። ሁለቱም ደግሞ ሌላ ሥራ እንዳለህ አያውቁም።

ይህን ምሳሌ ሰሌዳ ላይ ጻፍላቸው። ሰውየው ከጠዋቱ 11፡30 ይነሣል። ከ1 እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ሥራ አለው። ከ10 እስከ ሌሊቱ 6 ኡበር ይሠራል። ቤት ገብቶ 7 ላይ ይተኛል፤ 11፡30 ይነሣል። አፑ ላይ ቢበዛ 8 ሰዓት ነው፣ ምንም ማስጠንቀቂያ አይመጣም። የተኛው ግን 4 ሰዓት ተኩል ነው፤ በቆጣሪ ሠንጠረዥ 4.3 እጥፍ። ሌሊቱ 6 ላይ የመጨረሻውን ተሳፋሪ ሲያወርድ ደግሞ ከተነሣ 18 ሰዓት ተኩል ሆኖታል። በ1997 አውስትራሊያ ውስጥ በተደረገ ሙከራ 17 ሰዓት የነቃ ሰው እጁና ዓይኑ የሚቀናጀው ደሙ ውስጥ 0.05 አልኮል እንዳለው ሰው ነው፤ 24 ሰዓት ሲሞላ 0.10 ይሆናል። እዚህ አካባቢ ለመንዳት የተከለከለው 0.08 መሆኑን አስታውሳቸው። መጠጥ የማይቀምስ ሰው ይህን ሲሰማ ይደነግጣል።

ጠቅላላ ሰዓቱን የሚቆጥር ከተማ አንድ አውቃለሁ፤ ኒው ዮርክ። እዚያ የታክሲው ኮሚሽን በ24 ሰዓት 10፣ በሳምንት 60 ሰዓት ተሳፋሪ ከመጫን በላይ አይፈቅድም። የሚያየውም የጉዞ መዝገቡን ስለሆነ በሁለት ኩባንያ መሥራት አያመልጥም። ሌላው ቦታ ቆጣሪው ሹፌሩ ራሱ ነው። ስለዚህ አንድ ደንብ ብቻ ስጣቸው፦ የሚቆጠረው ከአልጋ የተነሡበት ሰዓት ነው እንጂ አፑ የተከፈተበት አይደለም። ከተነሡ 16 ሰዓት ሲሆን አፑ ይዘጋ፤ ወደ ቤት መመለሻውም ከዚያ ውስጥ ነው። የስልክ ማንቂያ በተነሡበት ሰዓት ላይ 16 ደምረው ይሙሉት። ከላይ ላለው ሰውዬ ከምሽቱ 3፡30 ማለት ነው፤ ሁለት ሰዓት ተኩል ገቢ ያስቀርበታል። ይህን አትደብቃቸው፤ ካልነገርካቸው ራሳቸው ያሰሉታል።

የኤርፖርት ወረፋ ላይ የሚተኙም ብዙ ናቸው። ጥሩ ነው፣ ግን አፑ ክፍት ሆኖ የተኛ ሰው አልተኛም፤ ጆሮው ስልኩ ላይ ነው። ዘግቶ 20 ደቂቃ ይተኛ፣ ወረፋው ይለፈው።


ሌሊት_ላብ፦

እኔ ከእንቅልፍ ምርመራ በኩል ነኝ። እስካሁን ያልተነሡ ሁለት ቡድኖች አሉ፤ አንዱ ከአራቱም ውስጥ አለ።

በመጀመሪያ ሌሊት አድረው የሚነዱት። ከ24 ሰዓት በላይ የሚሠሩ ተለማማጅ ሐኪሞች ከዚያ ሥራ ሲወጡ አደጋ የማድረሳቸው ዕድል 2.3 እጥፍ፣ ለጥቂት የማምለጣቸው 5.9 እጥፍ ሆኖ በ2005 ታትሟል። ከዚያ በላይ የሚገርመው በ2016 የታተመው ነው፤ 16 የሌሊት ሠራተኞች በተዘጋ መለማመጃ መንገድ ላይ፣ ፍሬን የሚይዝ ሰው ጎናቸው ተቀምጦ ሁለት ሰዓት ነዱ። ሌሊቱን ተኝተው ሲመጡ አንድም ለአደጋ የቀረበ ነገር አልታየም። ሌሊቱን ሠርተው ሲመጡ 6ቱ ለግጭት ቀረቡ፣ የ7ቱ ደግሞ ለደኅንነት ሲባል ጉዞው ተቋረጠ። የእንቅልፉ ምልክት መታየት የጀመረው በመጀመሪያው 15 ደቂቃ ነው። «ቤቴ ቅርብ ነው» የሚል ሰው ይህን ይስማ።

ለነሱ የሚነገረው፦ ከመጀመሪያው ሽፍት በፊት ከሰዓት 90 ደቂቃ መተኛት፣ ከሌሊቱ 9 በኋላ ቡና አለመጠጣት (ቤት ገብተው እንዳይተኙ ያደርጋል)፣ ከወጡ በኋላ ሥራ ቦታ ላይ 20 ደቂቃ ሸለብ አድርጎ መንዳት። ከተቻለ ደግሞ ባቡር ወይም ሌላ ሰው።

ሁለተኛው ቡድን በእንቅልፍ ውስጥ ትንፋሽ የሚቆራረጥባቸው ናቸው፤ ስሊፕ አፕኒያ። ፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ የከባድ መኪና ሹፌሮችን ሲመረምር 28 በመቶው ላይ ተገኝቷል፤ 17.6 ቀላል፣ 5.8 መካከለኛ፣ 4.7 ከባድ። እነዚህ ሰዎች 8 ሰዓት ተኝተውም ሳይተኙ የሚነሡ ናቸው፤ ከላይ ያለው ሠንጠረዥ አይሠራላቸውም። በሰዓት ከ5 እስከ 15 ጊዜ ትንፋሽ ከተቋረጠ ቀላል፣ እስከ 30 መካከለኛ፣ ከዚያ በላይ ከባድ ይባላል። 30 ማለት በየሁለት ደቂቃው አንዴ መታፈን ነው።

ፍንጮቹ እነዚህ ናቸው፦ ግድግዳ የሚያልፍ ማንኮራፋት፤ ሚስት «ትንፋሽህ ይቆማል» ማለቷ (ከመሣሪያ በፊት ያለው ምርጡ ምርመራ ይኼ ነው)፤ ጠዋት የራስ ምታት፤ በመድኃኒት አልወርድ ያለ ደም ግፊት፤ የአንገት ዙሪያ ለወንድ 43፣ ለሴት 41 ሴንቲሜትር ማለፍ። ምርመራው ቤት ወስደው የሚተኙበት ትንሽ መሣሪያ ነው።

ባለትራኮች የሚደብቁት ሲዲኤሉን (የከባድ መኪና መንጃ ፈቃዱን) እናጣለን ብለው ነው። ይህን ፍርሃት ፊት ለፊት አንሣው። አፕኒያን በግድ ይመርመሩ የሚል የፌዴራል ደንብ ሊወጣ ታስቦ በ2017 ተትቷል፤ ውሳኔው የመርማሪው ሐኪም ነው። ሲፓፕ (ሲተኙ በጭንብል አየር እየገፋ ትንፋሽ እንዳይቋረጥ የሚያደርግ ማሽን) የሚጠቀምና መጠቀሙ ከማሽኑ የሚታይ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ዓመት የጤና ካርድ ይሰጠዋል። ማሽኑ መዝገብ አለው፤ ከ10 ሌሊት በ7ቱ ቢያንስ 4 ሰዓት ነው የሚጠየቀው። ሕክምናውን ትተው የሚነዱ ግን ራሳቸው ሊከላከሉት የሚችሉት አደጋ አፕኒያ ከሌለባቸው ሹፌሮች 5 እጥፍ ሆኖ በ2016 ተገኝቷል። ሲዲኤል የሚያሳጣው የትኛው እንደሆነ ራሳቸው ይፍረዱ።

መድኃኒትም አለ። ለጉንፋንና ለአለርጂ ያለ ትዕዛዝ የሚሸጠው ቤናድሪል (ዳይፈንሀይድራሚን) በብዙ «ፒኤም» የተጻፈባቸው ማስታገሻዎች ውስጥ አለ፤ ማታ የዋጡት ጠዋትም ይኖራል። ሎራታዲን ወይም ፌክሶፈናዲን ይጠይቁ።


ማር_ወተት፦

ስለ ቆሎው አትረሱ! ግማሹ ሹፌር ቆሎ እየቆረጠምኩ ነው የማልተኛው ይላል። መስኮት መክፈት፣ መዝሙር ጮክ ማድረግ፣ ፊት መጠፍጠፍ፣ ስልክ ማውራት… እነዚህስ?


ሌሊት_ላብ፦

@ማር_ወተት ቆሎው የሚሠራው አፍህ እስከሚንቀሳቀስ ነው። ቀዝቃዛ አየርና ሬድዮ በእንግሊዝ በመንዳት ማስመሰያ ተፈትነው ጥቅማቸው ትንሽና ለአጭር ጊዜ ሆኖ ተገኝቷል። ለነገሩ እዚህ የደረሰ ሰው መስኮት መክፈቱ ራሱ ምልክት ነው፤ ለመንቃት እየታገለ ነው ማለት ነው። ተመራማሪዎች እንቅልፍን ከ1 እስከ 9 ይለካሉ፤ 8 ማለት «ለመንቃት እየሞከርኩ ነው» ማለት ነው። ቆሎ መቆርጠም የጀመረ ሰው 8 ላይ ነው።

የሚሠራው ካፌይንና ሸለብታ አንድ ላይ ነው። ቅደም ተከተሉ ይጠበቅ፦ መጀመሪያ የሚቆምበት ቦታ (ሬስት ኤሪያ፣ የነዳጅ ማደያ፤ የመንገድ ጠርዝ ላይ አይቆምም፣ ሌላ የተኛ ሹፌር ይመታሃል)። ቀጥሎ ቡናው፤ 150 እስከ 200 ሚሊግራም ካፌይን፣ ማለትም ባለ 8 አውንስ የተጣራ ቡና ሁለት ኩባያ ያህል፣ ፈጠን ብሎ ይጠጣል። ወዲያው መቀመጫ ወደኋላ፣ ማንቂያ 20 ደቂቃ፣ ዓይን መክደን። ካፌይኑ ሥራ የሚጀምረው ከ30 ደቂቃ ገደማ በኋላ ስለሆነ አንተ ስትነቃ እሱም ይደርሳል። ቀድሞ ተኝቶ ኋላ ቡና የሚጠጣ ሰው ይህን ያጣል። እንቅልፍ ባይወስድህም አትነሣ፤ ማንጎላጀቱም ይጠቅማል። ከተነሣህ በኋላ 5፣ 10 ደቂቃ መራመድ፣ ምክንያቱም ከእንቅልፍ የተነሣ ሰው ለጊዜው ደንዛዛ ነው። 40፣ 50 ደቂቃ የተኛ ደግሞ ይብሳል፤ ጥልቅ እንቅልፍ መሃል ነው የተቀሰቀሰው።

ይህ አንድ ሁለት ሰዓት ይገዛልሃል። ደግመህ ደጋግመህ የምትሠራው ነገር አይደለም፤ ሁለተኛው ዙር እንደ በረካ ነው፣ ስሙ ቡና ነው እንጂ።


ሚሌ_ጋላፊ፦

ስለ አሜሪካ ብቻ እንዳይሆን፣ ወደ አገር ቤት የሚመለሱና እዚያ ንብረት ያላቸው ሰዎችም አዳራሹ ውስጥ ይኖራሉ። የጅቡቲ መስመር ላይ እንቅልፍ የሚያመጣው ሌላ ነገር ነው።

አንደኛው ክፍያው ነው። ሹፌሩ ደመወዙ ትንሽ ሆኖ ገቢው በቢያጆ ከተቆጠረ፣ ወደብ ላይና ጋላፊ ድንበር ተሰልፎ ያለፈውን ቀን መንገድ ላይ ነው የሚያካክሰው። ባለንብረት የሆነ ሰው የጥበቃ ቀን አበል ይክፈል፤ ከማንኛውም ምክር በላይ ይሠራል። ሁለተኛው ሙቀቱ ነው። አፋር ቆላ ላይ ከቀኑ 6 እስከ 10 ጋቢና ውስጥ አይተኛም፤ ሰው ከተሳቢው ሥር ምንጣፍ አንጥፎ ነው የሚጋደመው። ስለዚህ ሌሊት መንዳት ይመረጣል፣ ቀን ያልተኛው ሰውም ከሌሊቱ 8 እስከ 12 መሪ ላይ ይሆናል፤ ሰውነት ከሁሉ የሚደክምበት ሰዓት። (ይህ ድካም በቀን ከ8 እስከ 10 ይደገማል። በአበሻ ሰዓት ሁለቱም 8 ላይ ስለሚጀምሩ ለማስታወስ ይመቻል።) ከተሳቢው ሥር የሚተኛ ሰው የእጅ ፍሬን ይዞ ጎማ ሥር ድንጋይ ያድርግ፣ ቁልፉንም ኪሱ ይክተት፤ ረዳቱ «ትንሽ ላስጠጋ» ብሎ እንዳያስነሣው።

ረዳቱን ካነሣን፣ መንጃ ፈቃድ የሌለው ረዳት «እስኪ አንተ ያዘው» ተብሎ መሪ ሲይዝ ሹፌሩ ያረፈ ይመስላል። ሜዳው ላይ ይሄዳል፤ ቁልቁለት ላይ ማርሽ መልሶ በሞተር መያዝ ሲያቅተው ፍሬኑን ያጋየዋል።

ሦስተኛው ጫት ነው። ጫት እንቅልፍን አያጠፋም፣ ይሸፍናል። ቅጠሉ ውስጥ ያለው ካቲኖን ደም ውስጥ የሚበዛው መቃም ከተጀመረ ከ1 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ነው። ከቀኑ 9 የጀመረ ሰው በምርቃናው አዋሽን አልፎ ይሄዳል፤ ምርቃናው ሲወርድ ሌሊት ነው፣ ያኔ የተጠራቀመው እንቅልፍ ባንዴ ይመጣል። ከዚያ አልጋ ላይ ቢወጣም ቶሎ አይወስደውም፣ በማግሥቱ ሐራራ ይዞት ይነሣል፣ ያንን ለመስበር እንደገና ይቅማል። እዚያ አሜሪካ ደግሞ ካቲኖን ከተከለከሉት የመጀመሪያው ደረጃ ላይ ስላለ ባለ ሲዲኤል ሰው የሕክምና ብቁነቱን ያጣበታል፤ «ቅጠል ነው» የሚል ካለ ንገሩት።

አገር አቋራጭ አውቶቡስም እንዲሁ ነው። ማታ እንዳይነዳ ተብሎ ንጋት 11 ላይ ከመናኸሪያ የሚነሣ ሹፌር 9 ሰዓት ላይ ተነሥቷል። ማታ 3 ካልተኛ 6 ሰዓት አልሞላም፤ መናኸሪያ ዙሪያ ያለ አልጋ ቤት ደግሞ ማታ 3 ላይ ገና መድመቁ ነው። የቀኑ 8 ሰዓት ድካም እሱን በ11ኛው የንቃት ሰዓቱ ላይ ነው የሚያገኘው። ባለአውቶቡስ ከሆናችሁ አልጋውን ከመናኸሪያ ራቅ ያለ ቦታ ያዙለት።


ደህና_ግቡ፦

እናንተ ሰዎች ተባረኩ፤ ከጠበቅሁት በላይ ነው። ገባኝ፦ አዳራሹን በሥራ ሳይሆን «ስንት ሰዓት ተኛህ፣ ከተነሣህ ስንት ሰዓት ሆነህ፣ አሁን ስንት ሰዓት ነው፣ ታንኮራፋለህ ወይ» በሚሉ አራት ጥያቄዎች ነው የምከፍለው። ባለሁለት ሥራዎቹን ሰሌዳው ላይ አስቀድማለሁ።

የቀረችኝ አንዲት ጥያቄ፦ «መሪ ላይ የተኛ እጅ ያውጣ» ብል ማንም አያወጣም። እንዴት ልጠይቅ?


ሌሊት_ላብ፦

ስለ እንቅልፍ አትጠይቅ፣ ስለ መንገዱ ጠይቅ። በዚህ ወር መውጫህ አልፎህ ሄዷል? ያለፍከውን መብራት ቀይ ይሁን አረንጓዴ አላስታውስ ብለሃል? መንገዱ ዳር ያለው ሻካራ መስመር ጎማህ ሥር ጮኾብሃል? ቀይ መብራት ላይ ከኋላ በክላክስ ተቀስቅሰሃል? እጅ ይወጣል፣ እንዲያውም ይስቃሉ። ከዚያ የኤፕዎርዝን የእንቅልፋምነት መለኪያ መጠይቅ በወረቀት አድል፤ 8 ጥያቄ ነው፣ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 3፣ ድምሩ ከ24። ከ10 በላይ ያገኘ ሐኪም ያነጋግር። ስም አይጻፍበት፣ ራሱ ደምሮ ራሱ ይያዘው።

አንድ ቀንም ጨምርበት፤ የትንሣኤ ሌሊት። ቅዳሴው ከሌሊቱ 9 አካባቢ ያልቃል፣ ሰው ከ55 ቀን ጾም በኋላ ቀማምሶ መኪና ውስጥ ይገባል፣ እናትና ልጆች ኋላ ይተኛሉ፣ አባት ብቻውን ቤልትዌይ (የዲሲ ቀለበት መንገድ) ላይ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት 90 ደቂቃ ይተኛ፣ ወይም ቀድሞ የተኛ አንድ ሰው ለመመለሻ ይመደብ።


ደህና_ግቡ፦

አንገት የሚለካበት ሜትርም ይዤ ልምጣ? የት ላይ ነው የሚለካው?


ሌሊት_ላብ፦

ቆሞ፣ ፊት ለፊት እያየ፣ በማንቁርቱ ልክ፣ ሳይጠብቅ። የልብስ ሰፊ ሜትር ይሁን፤ የግንበኛው ብረት ሜትር አንገት ላይ አይጠመጠምም።